ከቱቦው ሥር የተነጠፈ ወረቀት

በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነጠላዬን ገና ሳላወልቅ ስልኬ ይጮኻል። የሚመጣልኝ ፎቶ ነው። ፎቶው የሙሽራም አይደለም፣ የሕፃንም አይደለም፤ መዳፍ የምታህል የነጭ ወረቀት ፎቶ ነው። ወረቀቷ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ሙሉነሽ» ተብሎ ተጽፏል። ጽሕፈቱ የእጄ ነው፣ ስሙም የራሴ ነው። ወረቀቷ የምትኖረው ሱሉልታ፣ ኤርሚያስ የሚባል የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ቤት፣ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነው። ከፎቶው ሥር ሁልጊዜ አንዲት ቃል ብቻ ይጽፍልኛል፦ «ደረቅ።»

እኅቴ ጽጌ ይህን ስታይ ትስቅብኛለች። «ሰው ጡረታ ሲወጣ የልጅ ልጅ ፎቶ ያያል፤ አንቺ ወረቀት ታያለሽ» ትለኛለች። ትሳቅ። እኔ ግን ያቺን ቃል ሳላነብ ቁርስ አይበላልኝም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት የሥራ ዘመኔን ከሥሩ ማንሳት ይኖርብኛል፤ ጊዜ እንደሆነ አሁን ሞልቶኛል።

ሥራዬ ባጭሩ የጋለን ነገር በውኃ ማቀዝቀዝ ነበር። መጀመሪያ ሰበታ ውስጥ የክር ፋብሪካ ማሽኖችን አቀዘቀዝኩ፤ ኋላ ቡራዩ ላይ ኮምፒውተሮችን። ሁለተኛውን ስናገር ሰው ዓይኑን ያፈጣል። «ኮምፒውተር ላይ ውኃ ታፈሺ ነበር?» ይለኛል። ላዩ ላይ አይደለም፤ በውስጡ ነው። ከባድ ሥራ የሚሠራ ኮምፒውተር፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም የሕንፃ ሥዕል የሚስል፣ እንደ ምድጃ ይግላል። ማራገቢያው አልችል ሲል አንድ ባዶ የመዳብ ቁራጭ በሚግለው ክፍል ላይ ይቀመጣል፤ በመዳቡ ውስጥ ውኃ ያልፋል፤ ትንሽ ፓምፕ ውኃውን ገፍቶ ወደ ራዲያተር ይወስደዋል፤ እዚያ ቀዝቅዞ ይመለሳል። መኪና የሚሠራው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ መኪና ቢያፈስ መንገድ ላይ ያፈሳል፤ ኮምፒውተር ቢያፈስ የሚያፈሰው በገዛ አንጎሉ ላይ ነው።

ስለዚህ በኛ ሥራ ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ አለ። ያፈሳል ወይስ አያፈስም?

ይህን ጥያቄ ያስተማሩኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ሰበታ ፋብሪካው ስቀጠር የውኃና የፓምፕ ክፍሉ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። ቤተሰባቸው እዚያው ሰበታ ዙሪያ ገበሬ ነው፤ እሳቸውም ጠዋት በሬ ጠምደው ከሰዓት ፓምፕ ይፈቱ የነበሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ቢሮ ገብቼ የምስክር ወረቀቴን ሳቀርብላቸው አላዩትም። እጄን ያዙና ገለበጡት።

«በዚህ በኩል ንኪው» አሉኝ፣ የእጄን ጀርባ የጋለ ቱቦ ላይ እያስጠጉ። «መዳፍ ሥራ የለመደ ነው፤ ይዋሻል። የእጅ ጀርባ አይዋሽም።»

እስከ ዛሬ የልጅ ግንባር እንኳ የምነካው በእጄ ጀርባ ነው።

ኦቦ ገመቹ ካቻቢቴ ከመስጠታቸው በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቁት ነገር ነበር። «ዛሬ ማን አስቆጣሽ?» ይሉኛል። ማንም ካልኩ ይሰጡኛል። ፊቴ ጠቆር ካለ ግን «ታኢ» ይላሉ፤ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። ሻይ ያስመጣሉ። የተቆጣ ሰው ፋሸታ፣ ያን የቱቦ ብረት ማሰሪያ፣ ሲያጠብቅ ጎማውን ይቆርጠዋል ባይ ናቸው። የቸኮለ ደግሞ አላልቶ ይተወዋል። እኔ መጀመሪያ ላይ እንደ ሽማግሌ ወግ አየሁት። ኋላ በየወሩ የሚቆረጠውን ጎማ ስቆጥር አብዛኛው ደመወዝ በዘገየ ሳምንት የታሰረ ሆኖ አገኘሁት።

ትልቁ ልማዳቸው ግን ወረቀቱ ነው። አንድ ቱቦ ከተጠገነ በኋላ፣ ከእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሥር ቁራጭ ነጭ ወረቀት ያነጥፋሉ። ከኮታቸው ኪስ የብልቃጥ ቀለም ያወጣሉ፤ የድሮ ጸሐፊዎች ብዕራቸውን የሚነክሩበት ዓይነት ሰማያዊ ቀለም ነው። የክብሪት እንጨት ነክረው ወረቀቱ ላይ የራሳቸውን ስም ይጽፋሉ። «ገመቹ።» ቀለሙ ሲደርቅ ወረቀቱን ከመጋጠሚያው ሥር አድርገው ውኃውን ይለቁና ሦስት ቀን ሙሉ ይተዉታል። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን አንስተው ወደ ብርሃን ያዞሩታል። ስማቸው እንደተጻፈ ካለ ሥራው አልቋል። አንዱ ፊደል ጢም ካወጣ ግን ሁሉም ከሀ ይጀመራል።

«ወረቀቱ ከረጠበ ዝም ብሎ ይታይ የለም እንዴ? ቀለሙ ለምን ያስፈልጋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሙሉ፣ ቢሻን ሌባ ነው» አሉኝ፤ ቢሻን በኦሮምኛ ውኃ ነው። «አንዲት ጠብታ ጠብ ትላለች፤ ፀሐይ ሲነካት ትደርቃለች፤ አንቺ ስትመጪ ወረቀቱ ደረቅ ነው። ቀለም ግን አንዴ ከራሰ ራሰ፤ ቢደርቅም አይመለስም።»

«እሺ፣ ስምዎትን ለምን ይጽፋሉ? መስመር ቢያሰምሩ አይበቃም?»

ሳቁ። «መስመር ትንሽ ቢንሻፈፍ አላውቀውም። ስሜን ግን ከልጅነቴ ጀምሬ ስጽፈው የኖርኩ ነኝ፤ አንድ ፀጉር ታህል ብትለወጥ አውቃታለሁ።»

በፋብሪካው የሥራ ዘመኔ አምስት አለቆች አይቻለሁ። አንዱ የውኃ ፍጆታን በሦስት ቅጂ ቅጽ ያስሞላን ነበር፤ ሦስተኛው ቅጂ የት እንደሚሄድ እሱም አያውቅም። ሌላው መሐንዲስ የኦቦ ገመቹን ወረቀቶች «ቆሻሻ» ብሎ አስጠረጋቸው። ያን ሳምንት ሁለት መጋጠሚያ አፍስሶ የክር ማሽኑ ሲቆም፣ በራሱ እጅ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይዞ መጣ። «ስንት ቁራጭ ይበቃችኋል?» አለን። ኦቦ ገመቹ አልሳቁበትም፤ እኔ ግን ፓምፕ ቤት ገብቼ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

እሳቸው ጡረታ የወጡ ቀን ብልቃጡን ሰጡኝ። ንግግር አላደረጉም። «ሲያልቅ የማኅተም ቀለም አቅጥነሽ ጨምሪበት» ብለው ብቻ ሄዱ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፋብሪካው ማሽኖቹን ለወጠና የኛን ክፍል አጠፈው። ሥራ ለቅቄ ቡራዩ እኅቴ ዘንድ ገባሁ። የጽጌ ባል የባነርና የፖስተር ማተሚያ ቤት አለው፤ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ፊቱ አቧራ። ኮምፒውተሩ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ቀጥ ይላል። እሱም በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይሳደባል። አንድ ቀን ምርር ሲለው ሰማሁና በእጄ ጀርባ ነካሁት።

«ይኼ ሰውዬ ትኩሳት አለበት» አልኩት።

ከፍቼ ሳየው ማራገቢያው በአቧራ ተሸፍኖ የበግ ፀጉር መስሏል። ጠረግኩት፤ ለሁለት ሳምንት ደህና ሆነ፤ ተመልሶ ያው። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህ ሣጥን ትንሽ ፋብሪካ ነው። የሚግል አለው፣ ማቀዝቀዝ የሚፈልግ አለው፣ በር ላይ የሚጠብቀው አቧራ አለው። እኔ ደግሞ ሌላ ሥራ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ስሠራ የተጠቀምኩበት ራዲያተር ከአሮጌ ሚኒባስ የወጣ የጋቢና ማሞቂያ ነው፤ ፓምፑ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ፤ መዳቡን እዚያው ቡራዩ ያለ ቶርኖ ቤት አስቆረጥኩት። የቶርኖ ቤቱ ሰው ምን እንደሆነ ቢጠይቀኝ «የኮምፒውተር ኩላሊት» አልኩት። እየሳቀ ቆረጠልኝ፤ ከዚያ በኋላ በመጣሁ ቁጥር «ዛሬ ስንት ኩላሊት?» ይለኛል። የጽጌ ባል ኮምፒውተር ያን ቀን ከምሳ በኋላ አልቆመም። ባልየው ግን ከልማዱ የተነሳ በሰዓቱ ተሳደበ።

ወሬው ወጣ፤ እኔም እዚያው ማተሚያ ቤቱ ጥግ ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። የሕንፃ ሥዕል የሚሠሩ፣ ፊልም የሚያቀናብሩ፣ ጌም የሚያጫውቱ ሁሉ ይመጡ ጀመር። በኋላ በትክክል ለዚህ የተሠሩ ዕቃዎች ከውጭ ማስመጣት ቻልን፤ ሥራውም አማረበት። ሰው ግን ያው ሰው ነው። የባትሪ ውኃ ብቻ ጨምሩ ብዬ በተለጠፈ ወረቀት ሳይቀር እነግራለሁ፤ ማዕድኑ የወጣለት ንጹሕ ውኃ ስለሆነ መዳቡን አያበላሽም። አንዱ ደንበኛዬ ውኃው ሲጎድልበት ጋዝ ያለው የማዕድን ውኃ ጨምሮበት መጣ፤ ቱቦው ውስጥ አረፋው እንደ ጠላ ይፈላል። አንዲት እናት ደግሞ ልጃቸው ኮምፒውተሩ ላይ ተተክሎ መዋሉ ስላሳሰባቸው፣ ልጁ ሳያይ ጠበል ጨምረውበታል። እኔ ጠበል አከብራለሁ፤ ጠጥቼም ድኛለሁ። ውኃውን ቀድቼ በክብር ለአትክልት አፈሰስኩትና መዳቡን በሎሚ አጠብኩ።

«ከዚህ በኋላ ለልጁ ይስጡት እንጂ ለማሽኑ አይስጡት» አልኳቸው።

«እሱ አልጠጣም ብሎኝ እኮ ነው» አሉኝ ሴትየዋ።

አሁን ወደ ማልወደው ቦታ ደርሻለሁ። ኤርሚያስ ሱሉልታ ላይ የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። ጠዋት ጠዋት ሯጮች ከሚያልፉበት መንገድ ዳር ቤቱ ነው፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ እጁ ብርቱ ነው፣ በሥራው አይቀልድም። ኮምፒውተሩን ወደ ቡራዩ ይዞልኝ መጣ። የጥር ሰርግ ደርሶበታል፤ ማሽኑ ይግላል፤ ሙሽሮች በየቀኑ ይደውላሉ።

«እትዬ ሙሉ፣ ለሰኞ ይደርስልኛል?» አለኝ።

«ይደርሳል» አልኩ።

ሐሙስ ማታ ላይ አሰርኩት። አርብ ጠዋት ወረቀቱን ከመጋጠሚያዎቹ ሥር ላነጥፍ ስል ብልቃጡ የለም። ሰበታ አንድ ሥራ ሄጄ እዚያው ረስቼዋለሁ። ሄጄ ላምጣው ብል ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ሦስቱ ቀን ወደ ማክሰኞ ይገፋል። «ለአንድ ጊዜ ምን ይሆናል?» አልኩ። የጽጌን ባል ጥቁር እስክሪብቶ ተውሼ ስሜን ጻፍኩ። ፓምፑን ብቻ አስነስቼ፣ ውኃውን ለቅቄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ተውኩት። ሰኞ አነሳሁት። ወረቀቱ ደረቅ። ስሜ ልክ እንደተጻፈ። ደስ ብሎኝ ለኤርሚያስ አስረከብኩ።

እስክሪብቶ በውኃ እንደማይፈስ ማንም ተማሪ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ግን ልማዱን ከመውደዴ የተነሳ ምን እንደሚሠራ ረስቼ ነበር። ወረቀት አነጠፍኩ፣ ስም ጻፍኩ፣ ሦስት ቀን ጠበቅኩ፤ ሁሉንም አደረግኩ፣ ከዋናው በስተቀር። ምስሉን ከሚያሰላው ካርድ በላይ ያለው ፋሸታ በቂ አልጠበቀም ነበር። በየጥቂት ሰዓቱ አንዲት ጠብታ ጠብ ስትል በቆርቆሮ ጣሪያው ሙቀት እየደረቀች፣ እኔ ደረቅ ወረቀት አየሁ።

ረቡዕ ኤርሚያስ ደወለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። «እትዬ ሙሉ፣ ጭሷል» አለኝ።

ካርዱ ተቃጥሏል፣ ኃይል ሰጪው ተቃጥሏል፣ ከሁሉ የከፋው ግን ዲስኩ ነው። ዲስኩ ላይ ፉሪ የሚኖር የአንድ ቤተሰብ የመልስ ቀረጻ ነበር። ኤርሚያስ የካሜራውን ካርድ ለሚቀጥለው ሰርግ ብሎ አጥፍቶታል። የሰርጉ ቀን በሌላ ዲስክ ተርፏል፤ መልሱ ግን ሙሉ ለሙሉ ሄዷል። በዚያ መልስ ላይ ደግሞ የሙሽራዋ አያት አባባ ደበላ፣ ጉልበታቸው ከተያዘ ብዙ ዓመት የሆናቸው ሰው፣ ከወንበራቸው ተነስተው ጨፍረዋል። ቤተሰቡ ቪዲዮውን የሚጠብቀው ለዚያ ነው። በየቀኑ የሚደውሉትም ለዚያ ነው።

ኤርሚያስ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ማሽኑን እያየ «ከእንግዲህ በቤቴ ውኃ ለመጠጥ ብቻ ነው» አለ።  የተቃጠለውን ሁሉ ተካሁለት፤ ያንን ግን ልተካው አልቻልኩም። በዚያ ሳምንት በጣም አፈርኩ። ቆዳዬ የተገፈፈ ያህል ነው የተሰማኝ።

ሰበታ ኦቦ ገመቹ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«በምን ጻፍሽው?»

«በእስክሪብቶ።»

 ከዚያ ተነስተው ኮታቸውን ለበሱ። «ነይ፣ ሽማግሌ እንላካ» አሉኝ።

«ለኮምፒውተር?»

«ለኮምፒውተር አይደለም። ለመልሱ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ለተበላሸ ዲስክ ሽማግሌ ተላከ። ኦቦ ገመቹ ሁለት የዕድሜ እኩዮቻቸውን አስከትለው፣ እኔና ኤርሚያስ ከኋላ ሆነን ፉሪ ገባን። አባባ ደበላ በትራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ ቆመው «ጥፋት አጥፍተን መጥተናል» አሉ።

«ተቀመጡ። ምን ጠፋ?»

«የመልሱ ቪዲዮ።»

«ምን ነክቶት?»

«ውኃ ፈሶበት» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ኮምፒውተር ውስጥ ውኃ ምን ይሠራል?»

ኦቦ ገመቹ ማስረዳት ጀመሩ። ስለ መዳቡ አስረዱ፣ ስለ ፓምፑ አስረዱ፣ ስለ ራዲያተሩ አስረዱ፤ ስለ ወረቀቱና ስለ ቀለሙ ሲደርሱ አባባ ደበላ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ያዳምጡ ጀመር። ሽምግልናው ተረስቶ ሁለቱ አዛውንት በኦሮምኛ ስለ ውኃ ጠባይ ይከራከራሉ። ለካ አባባ ደበላ ድሮ የመስኖ ቦይ ጠባቂ ነበሩ።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። «እስክሪብቶ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«ተማሪ ቤት ገብተሻል?»

«ገብቻለሁ።»

«ጥፋቱ እዚያ ነው» አሉ፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ሰርጉ አልጠፋም፤ ሙሽሮቹም ደህና ናቸው። የጠፋው መልስ ነው። መልስ ደግሞ ይደገማል። እኔ ግን ብቻዬን አልጨፍርም፤ ያፈሰሰችውም ትጨፍራለች።»

በሦስተኛው እሑድ መልሱ ተደገመ። ሙሽራዋ ቀሚሷን ዳግም ለበሰች፤ ሙሽራው ሆዱ ትንሽ ወጥቶ ነበርና ቁልፉ አልገጠመለትም። ኤርሚያስ በሁለት ካሜራ ቀረጸ። አባባ ደበላ ተነሱ፤ እኔም ተነሳሁ። እኔ ጭፈራ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ትከሻዬ አንዱ ወደ ሰበታ፣ ሌላው ወደ ሱሉልታ ይሄዳል። ቪዲዮው አሁንም በዚያ ቤት በየበዓሉ ይታያል፤ የኔ ጭፈራ ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ «መልሱት! መልሱት!» ይላል አሉ። የፉሪ ቤተሰብ ይቅር ብሎኛል። ኤርሚያስም ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፣ ይስመኛል። ውኃ ግን ወደ ቤቱ አልገባም። ስድስት ዓመት በማራገቢያ ሠራ።

ዓይኔ መድከም የጀመረው በእነዚያ ዓመታት ነው። ጠብታ ከቱቦ ላይ መለየት አቃተኝ። ጽጌ «በቃሽ፣ ዝጊው» ትለኛለች። እኔም ልዘጋው እፈልጋለሁ፤ ግን ያ አንድ በር በላዬ እንደተዘጋ ሥራዬን ጨረስኩ ማለት አልቻልኩም። ከመቶ ማሽን በላይ አቀዝቅዣለሁ፤ የማስበው ያንኑ አንዱን ነበር።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለ።

«እትዬ ሙሉ፣ እንደምን ዋሉ?» ኤርሚያስ ነው። ትልቅ ማሽን ገዝቷል፤ ሁለት ካርድ ያለው። ማራገቢያዎቹ እንደ አውሮፕላን ስለሚጮኹ የሙሽሮቹን ድምፅ ለይቶ መስማት አቅቶታል፤ እንደዚያም ሆኖ ማሽኑ በየሰዓቱ ይቆማል። «እና… ስለ ውኃ አስቤ ነበር» አለ።

«ለመጠጥ?» አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ።

ማሽኑ ወደ ቡራዩ እንዲመጣ አልፈቀድኩም። ሱሉልታ ሄጄ፣ እሱ ቤት፣ እሱ ፊት ሠራሁት። ዓይኔ ጠብታ ስለማይለይ «ዓይን አንተ ነህ» አልኩት። እኔ በእጄ ጀርባ እነካለሁ፣ እሱ በስልኩ መብራት ያያል። ካቻቢቴውን ከመስጠቴ በፊት «ዛሬ ማን አስቆጣህ?» ብዬ ጠየቅኩት። አንድ ሙሽራ አስቆጥቶት ነበር፤ ሻይ አፈላ። ፋሸታዎቹን አጠበቅን፤ በየመጋጠሚያው ውኃ የሚይዙትን የጎማ ጓርኒሲዮኖች አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ። በብልቃጡ ቀለም ስሜን በክብሪት እንጨት ጻፍኩና ወረቀቱን ከመጋጠሚያው ሥር አነጠፍኩ። ሦስት ቀን እነሱ ቤት አደርኩ። ሚስቱ ከማሽኑ አጠገብ ስታልፍ እንኳ በእግር ጣቷ ነበር የምትሄደው።

በሦስተኛው ቀን ኤርሚያስ ወረቀቱን አውጥቶ ወደ መስኮቱ አዞረው። እኔ ፊደሎቹን ማየት ስለማልችል ፊቱን አየሁ። ፈገግ አለ።

ወረቀቱን ልወስድ እጄን ስዘረጋ «ይተዉልኝ» አለ። መልሶ ከቱቦው ሥር አስቀመጠው። በሚቀጥለው ሳምንት ሱቄን ዘጋሁ። የእሑዱም ፎቶ ከዚያ ጀመረ።

ይህን መተረክ ከጀመርኩ በኋላ፣ ባለፈው ወር ግን የመጣው ፎቶ ሌላ ነበር። ወረቀቱ አዲስ ነው፤ የኔ ስም የለበትም። በጥቁር፣ ጥርት ባለ ጽሕፈት «ኤርሚያስ» ይላል። ከሥሩ «ደረቅ። ውኃውንም ቱቦዎቹንም ትናንት እኔው ቀየርኳቸው። እርስዎን ላላስቸግር ብዬ» ብሏል። ደስ አለኝ፤ ኮራሁም። ነጠላዬን ሳላወልቅ መነጽሬን ፈልጌ ፎቶውን አሰፋሁት፣ ደግሜ አሰፋሁት። ጥቁሩ ያብለጨልጫል።

ደወልኩ። «በምን ጻፍከው?»

 ቀስ ብሎ «ወይኔ» አለ።

«አጥፋው። መጣሁ።»

ብልቃጡን በካልሲ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከቡራዩ ሱሉልታ ሦስት ታክሲ ነው። እንጦጦን ሳልፍ ቦርሳዬን ታቅፌ «አታፍስ፣ አታፍስ» ስል አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ወተት የያዝኩ መስሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ስደርስ ማሽኑ ጠፍቷል፤ ኤርሚያስ አጠገቡ ቁጢጥ ብሏል። በመብራት መረመርን፤ ጠብታ የለም። ግን አንድ ሙሉ ቀን ማሽኑ ሲሠራ ጠብታ አለመኖሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አዲስ ወረቀት ቆረጥን። ክብሪቱን እኔ ልነክር ስል እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። ስሙን በቀለም ጻፈ፤ ከወረቀቱ በላይ ጣቶቹን ቀባ። ሲደርቅ ራሱ አነጠፈው፣ ፓምፑን ራሱ አስነሳው።

«ሦስት ቀን» አልኩት።

«ሦስት ቀን» አለ።

ቦርሳዬን ይዤ ታክሲው ዘንድ ደርሼ ልገባ ስል ከኋላዬ እየሮጠ መጣ፤ ሱሉልታ ሰው ሲሮጥ ማንም አይደነግጥም። በሰማያዊ ጣቶቹ ብልቃጡን ከፍ አድርጎ ይዟል።

«እትዬ ሙሉ! ቀለሙን ረስተዋል!»

«አልረሳሁትም» አልኩት። «ሲያልቅ የማኅተም ቀለም አቅጥነህ ጨምርበት።»

ብልቃጡን በሁለት እጁ ያዘው። ረዳቱ በሩን ዘጋና ሄድን።

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኬ ጮኸ። ሰማሁት። ነጠላዬን አውልቄ አጠፍኩ፣ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ፣ ቁርሴን ከጽጌ ጋር በላሁ፤ ከዚያ በኋላ ፎቶውን ከፈትኩት።